ሰማንያ ሦስተኛ የወጣው ስፖርተኛ፦ የስፖርት ሕይወት በምን ይመዘናል?

(ፋኩልቲው በጫንጮ ከተማ ባዘጋጀው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።)



ፋኩልቲው ይህን መርሐ ግብር ከግቢው አውጥቶ ወደምኖርባት ከተማ ወደ ጫንጮ በማምጣቱ ከልብ አመሰግናለሁ። ንግግሬን የማቀርበው በአማርኛ ነው፤ በጥያቄና መልስ ሰዓት ግን በአፋን ኦሮሞ መጠየቅ የሚፈልግ ይጠይቅ፤ በዚያው እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኑዛዜ ልጀምር። በየካቲት 1998 ዓ.ም. ከጥቂት መምህራን ጋር በሳተላይት ቴሌቪዥን የቱሪንን የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ እያየን ነበር። የአገሮች ስም በተራ ሲጠራ ድንገት “ኢትዮጵያ” ተባለ፤ አንድ ሰው ባንዲራችንን ይዞ ወጣ። ከኋላው ሌላ ስፖርተኛ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ “ይሄ ደግሞ ምን ሊያደርግ ነው? በረዶ ላይ ሊሮጥ ነው?” አለ፤ ሁላችንም ሳቅን። ከቀናት በኋላ ውጤቱ ሲነገር፣ ሰማንያ ሦስተኛ መውጣቱን ሰምተን እንደገና ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ስለ ስፖርትና ማኅበረሰብ የማስተምር ሰው ነበርኩ፤ ስለዚህ የእኔ ሳቅ ከሌሎቹ ይልቅ ያስወቅሳል።

የዛሬው ንግግሬ ያ ሳቅ ለምን ስሕተት እንደነበረና ስሕተቱ ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ በየማለዳው ከሚሮጡት ወጣቶች ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማስረዳት የሚሞክር ነው።

ሰውዬው ሮቤል ተክለማርያም ይባላል። በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ። እናቱ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይሠሩ ስለነበር ገና በልጅነቱ ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፤ ከዚያም በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ተማረ። ሌክ ፕላሲድ በ1932 እና በ1980 የክረምት ኦሊምፒክን ያስተናገደች ትንሽ ተራራማ ከተማ ናት። በእኛ አገር “ክረምት” ሲባል ዝናብና ጭቃ፣ ዘርና አረም ይታሰበናል፤ በዚያ ግን ክረምት ማለት ምድር በበረዶ የምትሸፈንበት፣ ሕፃናትም ከእግራቸው ሥር ሸርተቴ አስረው የሚጫወቱበት ወቅት ነው። የእኛ ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ ዳገት ሲወጣ ሳንባው እንደሚጎለብት ሁሉ፣ የዚያ አገር ልጅም በጨዋታ ሚዛን መጠበቅን ይለምዳል። ሮቤልም እንዲሁ ተማረ። ኋላም ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ የበረዶ ሸርተቴ ቡድን ተወዳደረ። ቱሪን ሲደርስ ዕድሜው 31 ነበር፤ ስፖርቱንም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። ሮቤልን ለአንድ ቀን ትርኢት የመጣ ሰው አድርገን ወሰድነው። ምናልባት በአእምሯችን የነበረው የኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ታሪክ ይሆናል። ቦይት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር፤ በጎልማሳነቱ ሸርተቴ ተምሮ በ1998 በናጋኖ በ10 ኪሎ ሜትር ተወዳደረና በ92ኛነት የመጨረሻ ሆኖ ገባ። አሸናፊው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ የሽልማቱን ሥነ ሥርዓት አስቆይቶ በመጨረሻው መስመር ላይ ጠበቀውና አቀፈው። ልብ የሚነካ ታሪክ ነው፤ ቦይትም ልጁን በዴሊ ስም ሰይሞታል። ነገር ግን ቦይት ወደ በረዶ የሄደ ሯጭ ነው፤ ሮቤል ደግሞ በበረዶ ላይ ያደገ ኢትዮጵያዊ ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ የሰውን የዓመታት ሙያ መሰረዝ ነው።

ሁለተኛው ስሕተታችን ስለ ውድድሩ ምንነት አለማወቃችን ነው። ሮቤል የተወዳደረበት አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ፣ በባሕርዩ ከረጅም ርቀት ሩጫ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። እግር፣ ክንድ፣ ጀርባና ሆድ በአንድነት ይሠራሉ። ስለዚህ የዚህ ስፖርት ሰዎች በላብራቶሪ ሲለኩ ከፍተኛውን የኦክስጅን አጠቃቀም ከሚያስመዘግቡ ስፖርተኞች መካከል ናቸው። በዚህ ላይ የሰም ዕውቀት አለ። በጥንታዊው ስልት የሚወዳደር ሰው ከሸርተቴው መካከለኛ ክፍል ሥር የሚቀባው ሰም ከበረዶው ሙቀትና እርጥበት ጋር መስማማት አለበት። ሰሙ ካልተስማማ ዳገት ላይ ወደኋላ ያንሸራትታል፤ ወይም በረዶው ተጣብቆ አላራምድ ይላል። ታላላቆቹ ቡድኖች ለዚህ ብቻ የተመደቡ ባለሙያዎች ይዘው ይመጣሉ።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ከውድድሩ በፊት ያለው ነው። በክረምት ኦሊምፒክ በሸርተቴ ለመወዳደር ጉልበት ብቻ አይበቃም። አገሪቱ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ሊኖራት፣ ፌዴሬሽኑም በዓለም አቀፉ አካል ሊታወቅ፣ ስፖርተኛውም በታወቁ ውድድሮች የሚፈለገውን ነጥብ ሊያሟላ ይገባል። ፌዴሬሽኑ በኢትዮጵያ አልነበረም። በሮቤል ጥረት ተቋቋመ። በረዶ በሌለባት አዲስ አበባም ጎማ በተገጠመለት ሸርተቴ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። በቱሪን በ15 ኪሎ ሜትር ሰማንያ ሦስተኛ፣ በ2010 በቫንኩቨር ደግሞ በ15 ኪሎ ሜትር ዘጠና ሦስተኛ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ የኢትዮጵያ ብቸኛ ተወካይ ነበር።

እንግዲህ ይህን የሥራ ዘመን በምን እንመዝነው? በውጤት ሰሌዳ ከመዘንነው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ 83 እና 93። ካልነበረ ነገር በተሠራው ከመዘንነው ግን ሌላ ይሆናል። ይሁን እንጂ ታሪኩን ከሚገባው በላይ ላሳምረው አልፈልግም። ከቫንኩቨር በኋላ በሶቺ በ2014፣ በፒዮንግቻንግ በ2018፣ በቤጂንግ በ2022 ኢትዮጵያ አልተሳተፈችም። በር ተከፍቶ ነበር፤ የከፈተው ሰው ውድድር ሲያቆም ተዘጋ። ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስለነበር ሰውየው ሲያርፍ ሥራውም አረፈ። ይህን እንደ ሮቤል ጉድለት ሳይሆን እንደ እኛ ጉድለት ነው የማየው። ዕውቀቱን የሚቀበል፣ የሚመዘግብና ለሌላ የሚያስተላልፍ ተቋም አላዘጋጀንለትም።

ተቋም ሲዘገይም እንኳ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማየት፣ ከዚያው ከበረዶው ዓለም አንድ ጡረታ የወጣ ስፖርተኛ ላንሳ። ዊሊ ኦሪ ካናዳዊ የበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋች ነው። ጨዋታውን ለማታውቁት፦ በእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰው ስለታም ብረት ባለው ጫማ በበረዶ ሜዳ ላይ እየተንሸራተተ፣ ፓክ የምትባለውን ጠንካራ የጎማ ክብ በረጅም በትር እየመታ ግብ ለማግባት የሚፋለምበት ነው። ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ተጫዋቾች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እየተፈራረቁ ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ኦሪ በወጣቶች ሊግ ሲጫወት ፓክ ቀኝ ዓይኑን መታውና በዚያ ዓይኑ ማየት አቃተው። ይህ ከታወቀ ከፍተኛው ሊግ እንደማይቀበለው ስለሚያውቅ ምስጢሩን ደበቀ። በጥር 18 ቀን 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ ሞንትሪያል ላይ ሲጫወት፣ በሰሜን አሜሪካው ከፍተኛ ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። በግራ መስመር ስለሚጫወት ኳሷ፣ ማለቴ ፓኳ፣ የምትመጣው ከቀኙ፣ ከማያየው ወገን ነበር። በዚያ ሊግ በጠቅላላው 45 ጨዋታ ተጫውቶ 4 ግብ አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ በዝቅተኛ ሊጎች እስከ 1979 ድረስ ተጫወተ፤ ከእነዚህም አንዱ ዌስተርን ሆኪ ሊግ ነበር። በከፍተኛው ሊግ ቀጣዩ ጥቁር ተጫዋች የታየው በ1974 ነው።

ኦሪ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ሊጉ ረሳው ማለት ይቻላል። በሆቴል ጥበቃ ሥራ ተቀጥሮ ሲሠራ ኖረ። በ1998 ሊጉ ጠርቶት ለሆኪ ባዕድ የሆኑ ማኅበረሰቦችን ልጆች ወደ ሜዳው የማምጣትን ኃላፊነት ሰጠው። በ2018 ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ ሲገባ፣ የገባው በተጫዋችነት ሳይሆን በገንቢነት ዘርፍ ነው። በጥር 2022፣ ከመጀመሪያ ጨዋታው 64 ዓመት በኋላ፣ ቦስተን 22 ቁጥር መለያውን ሌላ እንዳይለብሰው አድርጎ ሰቀለለት። አራት ግብ ያስቆጠረ ሰው! በግብ ብዛት ቢመዘን ኖሮ ስሙ ከግርጌ ማስታወሻ አይወጣም ነበር። ነገር ግን በ1979 እና በ1998 መካከል ያሉትን 19 ዓመታት ልብ በሉ። ሰውየው ያው ነበር፤ ዕውቀቱም ያው ነበር። የጎደለው የሚጠይቀው ተቋም ብቻ ነበር።

ይህ የሌላ አገር ነገር ነው የሚል ካለ፣ ወደ ራሳችን ታላቅ ሰው ልመልሰው። ሻምበል አበበ ቢቂላን ስናስተምር ሮምና ቶኪዮን እናስተምራለን፤ በ1960 በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ በ1964 ደግሞ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ወደ መኪናው አደጋና ወደ ቀብሩ እንዘላለን። መካከሉስ? በመጋቢት 1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ወራት ታከመ። በዚያ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተምሮ በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። በ1971 ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄደና በበረዶ ላይ፣ ተቀምጦ በሚነዳ ተንሸራታች፣ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። ከሮቤል 35 ዓመት በፊት ማለት ነው። በጥቅምት 1973 በ41 ዓመቱ አረፈ።

በክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ተማሪዎቼ አብዛኛውን ጊዜ “እውነት ነው ዶክተር?” ብለው ይጠይቁኛል። እውነት ነው። ለምን አልሰሙትም? እኛ የስፖርተኛን ሕይወት የምንተርከው ሜዳሊያው አንገቱ ላይ እስከሚጠለቅበት ሰዓት ድረስ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን “የግል ጉዳይ” እንለዋለን። አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ስፖርተኛ መሆኑን አላቆመም፤ ያቆምነው እኛ ተራኪዎቹ ነን።

አሁን ወደ ደጃፋችን እንምጣ። ይህ የጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ወርዶ ሱሉልታን አልፎ ወደ ጫንጮ ሲደርስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር አይወርድም። አየሩ ስስ ነው፤ ሰውነት ይህን ለማካካስ ኦክስጅን ተሸካሚ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ሜዳው ሰፊ፣ ሣሩ ለጉልበት ለስላሳ ነው። የቀነኒሳ በቀለ መም ሱሉልታ ላይ የተሠራው፣ ለስፖርተኞች ማረፊያ የሆነው ያያ ቪሌጅም እዚያው የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎሕ ሲቀድ ወተት የጫኑ አህዮችና የድርቆሽ ክምር የተሸከሙ አይሱዙዎች በሚያልፉበት ዳር፣ ወጣቶች በአንድ መስመር ተከታትለው ሲሮጡ ታያላችሁ። አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተው፣ ሽሮና ፓስታ እየተፈራረቁ እያበሰሉ የሚኖሩ ናቸው። ብዙዎቻችሁ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ።

አንድ ቀላል የሒሳብ እውነት ልንገራችሁ። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ የሩጫ ዓይነት ከ3 ሰው በላይ አታሰልፍም። በ10,000 ሜትር ሦስት ወንዶች፣ ሦስት ሴቶች። ኦሊምፒክ ደግሞ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚህ ሜዳ ላይ ከሚሮጡት አብዛኞቹ፣ ሰንፈው ሳይሆን ቦታው ስለሌለ ብቻ፣ ለዚያ አይበቁም። በሮቤል የሳቅነው ሰማንያ ሦስተኛ በመውጣቱ ነው። ነገር ግን ሰማንያ ሦስተኛው ስሙ ተመዝግቧል። በሱሉልታ መንገድ ላይ ያለው ሯጭ፣ በብዙ አገሮች ለብሔራዊ ቡድን የሚያበቃ ሰዓት እያለው፣ ሰማንያ ሦስተኛ የሚወጣበት ሰሌዳ እንኳ የለውም።

ካለፈው ዓመት አንድ ገጠመኝ ላካፍላችሁ። እዚሁ ጫንጮ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የሹፌሩን ጉንጭና ትከሻ አይቼ፣ “ልጄ፣ ሯጭ ነበርክ እንዴ?” አልኩት።

“ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልነበርኩም፤ ዝም ብዬ ነው የሮጥኩት” አለኝ።

ስንት ዓመት እንደሮጠ ጠየቅሁት። አሥራ አንድ ዓመት። ግማሽ ማራቶን ከ63 ደቂቃ በታች ገብቷል። ለአንድ ክለብ በደመወዝ ሮጧል፤ የተረከዙ ጅማት ሲጎዳ ክለቡ ውሉን አላደሰለትም። የመጨረሻውን የመሮጫ ጫማውን ሸጦ ለመንጃ ፈቃድ ሥልጠና ከፈለ። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ እንኳ፣ “ምንም አልነበርኩም” የሚለውን ቃል አልመለሰም።

ቤቴ ስደርስ ያ ቃል አልለቀቀኝም። በሙያችን “የስፖርተኛ ማንነት” የምንለው ጽንሰ ሐሳብ አለ። ብሪትን ብሩወርና ባልደረቦቹ በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ራሱን በስፖርተኝነቱ ብቻ ሲያውቅ ያ ማንነት ብርታትም ድክመትም ሊሆንበት እንደሚችል አሳይተዋል። በሜዳ ላይ ሳለ ያጸናዋል፤ ከሜዳ ሲወጣ ግን የሚቆምበት መሬት ያሳጣዋል። የእኛ ሯጮች ሁኔታ ከዚህም ይብሳል። በስፖርተኝነቱ ራሱን እያወቀ፣ ሌላው ሰው ግን ስፖርተኛ ብሎ አያውቀውም። ሜዳሊያ ስለሌለው፣ ሲያቆም “ጡረታ ወጣ” እንኳ አይባልለትም፤ “ጠፋ” ነው የሚባለው።

እኔም ተጠያቂ ነኝ። ባማከርኳቸው የመመረቂያ ጽሑፎች መደርደሪያ ላይ ስለ ከፍታ ቦታ ልምምድ፣ ስለ አመጋገብ፣ ስለ ጉዳት መከላከል ብዙ ተጽፏል። ሯጩ ካቆመ በኋላ ስላለው ሕይወት የተጻፈ አንድም አላገኘሁም። ርእሱን ለተማሪ ያላቀረብኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን እያንዳንዳቸው የአንድ ያቆመ ሯጭ ወይም የአንዲት ያቆመች ሯጭ የሕይወት ታሪክ በባለቤቱ ፈቃድ ይቅዱ፤ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንዳሠለጠናቸው፣ በስንት ሰዓት እንደሮጡ፣ ለምን እንዳቆሙ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠሩ። ይህ መዝገብ በየዓመቱ ይደግ። ሁለተኛ፣ ሯጮች የሚለማመዱት በማለዳና ከሰዓት በኋላ ነው፤ በመካከሉ ያሉት ሰዓታት የዕረፍት ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእነዚያ ሰዓታት፣ እዚሁ ጫንጮና ሱሉልታ መጥተን ማስተማር እንችላለን። የማታ ትምህርታችን ከልምምድ ለደከመ ሰው የማይሆን መሆኑን ተማሪዎቻችን ራሳቸው ነግረውናል። ሦስተኛ፣ አሥር ዓመት የሮጠ ሰው ስለ ልምምድ መጠን፣ ስለ አሯሯጭነት፣ ስለ ጉዳት የሚያውቀው ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት የሚያገኝበትን መንገድ እናብጅ፤ ያን ጊዜ የአካባቢው ትምህርት ቤት የስፖርት አሠልጣኝ ሲፈልግ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ሊያገኘው ይችላል።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከውጤት ሰሌዳው ላይ ዓይናችንን አንሥተን ሙሉውን የሥራ ዘመን፣ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና ማቆሚያውን ማየት ነው። ሮቤል ሲያቆም የሚቀበለው አላገኘም። ኦሪን ለመቀበል 19 ዓመት ፈጀ። የዚህ መንገድ ልጆች ከዚያ በፊት ሊጠየቁ ይገባል።

ለኋላ ወንበሮቹ ሯጮች የተለየ ቃል አለኝ። ዛሬ ልምምዳችሁን ተዉ፣ ተስፋ ቁረጡ ማለቴ አይደለም። ከመካከላችሁ አንዱ ወይም አንዷ ለአገር ትሰለፍ ይሆናል፤ ያን ቀን ከማንም በላይ እኔ ደስ ይለኛል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የምትሮጡበትን ሰዓት፣ የሮጣችሁበትን ቀን፣ ያሠለጠናችሁን ሰው ስም በአንድ ደብተር ጻፉ። አንድ ቀን ማንም “ምን ነበርክ?” ቢላችሁ፣ የምታነቡት ነገር ይኑራችሁ።

ያን ባጃጅ ነጂ ዛሬ ጋብዤው ነበር። የገበያ ቀን ስለሆነ ሥራ አልተውም አለኝ፤ ልክ ነው። ነገር ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሊገናኘኝ ቀጠሮ ሰጥቶኛል። የመጀመሪያውን ታሪክ የምቀዳው እኔ ራሴ ነኝ፤ ታሪኩም መዝገባችን ውስጥ ቁጥር አንድ ሆኖ ይገባል።

 ጥያቄና አስተያየት ካለ እቀበላለሁ።